የበግና የፍየል ዕድሜን ከጥርስ ማንበብ፦ በግ ተራ ከመሄዳችሁ በፊት

በየበዓሉ የምሰማው ቅሬታ ያው ነው። «ጠቦት ነው ብሎ ሸጠልኝ፤ ሦስት ሰዓት ተጥዶ ሥጋው ጎማ ሆኖ ቀረ።» ለርቢ የገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። አምስት ሴት በጎች ያመጣል፤ በጋው ሲገባ ሁለቱ ሣር መንጨት አቅቷቸው ይከሱበታል። የሚገርመው ሁለቱም ገዢዎች አፍ ከፍተው አይተዋል። ያዩት ምን እንደሆነ ግን አላወቁም።

እዚህ የምጽፈው አሠራር ለበግም ለፍየልም ያገለግላል። ስለ በሬና ላም መጨረሻ ላይ አጠር አድርጌ እመለሳለሁ።

ከቤት ሳትወጡ

1. ለምን እንደምትገዙ ቁርጥ አድርጉ። ለበዓል ለማረድ ከሆነ ጥርስ ያልቀየረ (የወተት ጥርሶቹ ገና ያልወደቁ) ወይም ገና ሁለት ጥርስ የሆነ (ሁለት ሰፋፊ ቋሚ ጥርስ ብቻ ያወጣ) ፈልጉ። ለማድለብም ያው ነው። ሞጆና ቢሾፍቱ ያሉት የኤክስፖርት ቄራዎች ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የሚፈልጉት ወጣት ወንድ ነው፤ ስለዚህ ለነሱ የምታደልቡ ከሆነ ጥርሱን ያሟላ በግ አትንኩ። ለርቢ የምትሆን ሴት ግን ሁለት ወይም አራት ጥርስ ብትሆን ይሻላል። ብዙ የመውለጃ ዓመት ከፊቷ አላት። ለዓረፋ ኡድሒያ የምትገዙ፣ የዕድሜው ዝቅተኛ ልክ እንደ እንስሳው ዓይነትና እንደ መዝሀቡ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ኡስታዛችሁን ጠይቁ። ቁጥሩን ይዛችሁ ነው ገበያ መግባት ያለባችሁ።

2. ቋንቋውን አስተካክሉ። ነጋዴ «ሁለት ጥርስ» ሲል ሁለት ሰፋፊ ጥርስ ማለቱ ነው። የግብርና ባለሙያ ይህንኑ «አንድ ጥንድ» ይለዋል። «ሁለት ጥንድ» ደግሞ በነጋዴው አፍ «አራት ጥርስ» ነው። ይህችን ሳይለዩ የሚከራከሩ ሰዎች አይቻለሁ። አንዱ ጥንድ ይቆጥራል፣ ሌላው ጥርስ ይቆጥራል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ሁለቱም ይጮኻሉ።

3. በታረደ በግ ጭንቅላት ላይ ተለማመዱ። ይህን ደረጃ ሁሉም ሰው ይዘለዋል፤ የሚሳሳቱትም ለዚህ ይመስለኛል። ለሾርባ የሚሸጥ ጭንቅላት ግዙ፤ ወይም ሰፈር ውስጥ ሲታረድ ሄዳችሁ እዩ። የሞተ በግ አይወራጭም፤ ጊዜ ይሰጣችኋል። የሁለት ሦስት በግ ካያችሁ ልዩነቱ ዓይናችሁ ውስጥ ይቀራል።

4. ስስ ጓንት፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ባትሪው የሞላ ስልክና የሚይዝላችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ውሃና ሳሙና መኪና ውስጥ ይኑር።

5. በጠዋት ሂዱ። የበዓል ዋዜማ ማታ፣ በግርግርና በጨለማ፣ ማንም ጥርስ አያነብም። ነጋዴውም ይህን ያውቃል።

ስለ አፉ መጀመሪያ ሁለት ነገር እወቁ

አንደኛ፣ በግና ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅም። በዚያ ቦታ ያለው ጠንካራ ድድ ነው፤ ሣሩን የሚቆርጡት የታች ጥርሶቻቸውን እዚያ ላይ አስደግፈው ነው። አንድ ዘመዴ ደህና ጠቦት «የላይኛው ጥርሱ ረግፏል፣ ሽማግሌ ነው» ብሎ መልሷል። ነጋዴው ሳቁን መያዝ አቃተው።

ሁለተኛ፣ የታች የፊት ጥርስ ምንጊዜም ስምንት ነው። ግልገሉ በተወለደ በአንድ ወር ገደማ ስምንቱም የወተት ጥርሶች ይወጡና አፉ ይሞላል። ከዚያ ከመሃል ጀምሮ ጥንድ በጥንድ ይረግፋሉ፤ ቦታቸውን ሰፋፊ ቋሚ ጥርሶች ይይዛሉ። ስለዚህ «ስምንት ጥርስ አለው» ማለት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የሁለት ወር ግልገልም ስምንት አለው፣ የስድስት ዓመት እናት በግም ስምንት አላት። የምትቆጥሩት *ሰፋፊዎቹን* ብቻ ነው።

ትንሹን ከትልቁ እንዴት ትለያላችሁ? የወተት ጥርስ ጠባብ፣ ነጭና አጭር ነው። ቋሚው እጥፍ ያህል ይሰፋል፣ ወደ ክሬም ቀለም ይጠጋል። መሃል ላይ ያለው ቋሚ ጥርስ የትንሿ ጣታችሁን ጥፍር ያህል ስፋት አለው። ሲምታታባችሁ ጥፍራችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ አስተያዩ።

ደረጃ 1፦ ሳትነኩ ተመልከቱ

ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ እዩ። እንዴት ይራመዳል? ያነክሳል? አፉ ዙሪያ ቁስል ወይም ቅርፊት አለ? ለሃጭ ይዝረከረካል?

ከንፈሩ ላይ ቁስልና ቅርፊት ካለ አትንኩት። ኦርፍ የሚባለው የበግና የፍየል የከንፈር ቁስል በእጅ ንክኪ ወደ ሰው ይተላለፋል። ለሃጩ የሚዝረከረክና የሚያነክስ ከሆነ የአፍና የእግር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ተዉት። ለሃጩ እየፈሰሰ ያለ ምክንያት የሚጮኽ፣ ሰው ወይም እንጨት የሚናከስ፣ መዋጥ የተሳነው እንስሳ ካጋጠማችሁ ደግሞ በጓንትም ቢሆን እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ከብትንም በግንም ይይዛል። ራቁ፤ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

ጤነኛ ከሆነ ቀጥሉ። ዕድሜውን ግን ከዚህ ርቀት አትወስኑ።

ደረጃ 2፦ አያያዝ

1. ከመንጋው የሚነጥለው ነጋዴው ይሁን። እናንተ አታባሩ። ሮጦ የደነገጠ በግ ለሚቀጥሉት አሥር ደቂቃዎች አፉን አያስነካም።

2. ጸጉሩን ወይም ጆሮውን ጨብጣችሁ አትጎትቱ። ትንሽ ጠቦት ከሆነ ቀንዱንም አትያዙ፤ ለጋ ቀንድ ይሰበራል። አንድ እጅ ከአገጩ ሥር፣ ሌላው ከኋላ ዳሌው ላይ ይሁን።

3. ቂጡን ግድግዳ ወይም አጥር ላይ አስደግፉት። ወደ ኋላ ማፈግፈግ ሲያቅተው ይረጋል። ግድግዳ ከሌለ ረዳታችሁ ትከሻውን በሁለት ጉልበቱ መሃል ያዝ ያድርገው። እንዳይቀመጥበት ብቻ።

4. ራሱን ወደ ሰማይ አታንጋጡት። በተፈጥሮ ከፍታው ላይ ይሁን፤ እናንተ ጎንበስ በሉ። አንገቱ የተጠመዘዘ በግ መተንፈስ ስለሚቸግረው ይወራጫል።

ፍየል ከሆነች ትጮኻለች። ልክ እንደታረደች ሆና ትጮኻለች። አትደንግጡ፣ አትልቀቁም፤ ከንፈሯን ስትተዉላት ዝም ትላለች።

ደረጃ 3፦ ከንፈሩን መግለጥ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚታገለው። መንጋጋውን ለመክፈት ይጥራል፤ በጉ ይነክሳል ወይም ያመልጣል። አፍ መክፈት ጭራሽ አያስፈልግም። አፉ እንደተዘጋ ከንፈሩን ብቻ ግለጡ፤ የፊት ጥርሶቹ በሙሉ ይታያሉ።

1. በግራ እጃችሁ መዳፍ አገጩን ከሥር ደግፉ።

2. በዚያው እጅ አውራ ጣት የታችኛውን ከንፈር ወደ ታች ሳቡ።

3. በቀኝ እጃችሁ የላይኛውን ከንፈር ትንሽ ከፍ አድርጉ። አፍንጫውን እንዳትደፍኑ ተጠንቀቁ።

4. ጥርሱ በሣር አረንጓዴ ወይም በጭቃ ከተሸፈነ በጨርቁ አንድ ጊዜ ጥረጉት። ጥቁር የሆነ ቆሻሻ በጥርስና በጥርስ መሃል ሲገባ አንዱ ሰፊ ጥርስ ሁለት ጠባብ መስሎ ይታያል።

5. ረዳታችሁ የስልኩን መብራት ከጎን ያብራ፤ ፊት ለፊት ካበራ ጥርሱ ያንጸባርቅና ስፋቱ አይለይም። አንድ ፎቶ ያንሳ። በጉ አምስት ሰከንድ ነው የሚታገሣችሁ፤ ፎቶው ግን ቀኑን ሙሉ ይቆያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ጣታችሁን ወደ ኋላ፣ ወደ መንጋጋ ጥርሶቹ እንዳትሰዱ። እነሱ ከላይም ከታችም አሉ፣ ስለታም ናቸው፣ አጥንት ድረስ ይቆርጣሉ።

ደረጃ 4፦ ቁጠሩ

ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ዳር ቁጠሩ። ሰፋፊዎቹን ብቻ። ከዚያ እዚህ አስተያዩት፦

- ሰፊ ጥርስ የለም፣ ስምንቱም ትናንሽ፦ ከ15 ወር በታች ገደማ
- ሁለት ሰፋፊ መሃል ላይ፦ ከ15 እስከ 22 ወር
- አራት ሰፋፊ፦ ከ22 እስከ 27 ወር
- ስድስት ሰፋፊ፣ ዳርና ዳር አንድ አንድ ትንሽ፦ ከ28 እስከ 38 ወር
- ስምንቱም ሰፋፊ፦ ከ3 ዓመት ከሦስት ወር በላይ

እነዚህ ለአገራችን ዝርያዎች የሚሠሩ ግምቶች ናቸው። በደንብ የተመገበና እንደ ዶርፐር ያለ የውጭ ዝርያ ያለበት ዲቃላ ቀደም ብሎ፣ ዓመቱን እንደያዘ ጥርስ ሊቀይር ይችላል። በድርቅ ያደገ ሊዘገይ ይችላል። ስለዚህ «19 ወሩ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ወይ እቤቱ ወልዶ ያሳደገው ነው፣ ወይ እየቀለደ ነው። ጥርስ የሚነግራችሁ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ነው።

ጥርስ ያልቀየረውን ክፍል ትንሽ እንከፋፍለው፤ የበዓል ገዢ የሚፈልገው እዚህ ውስጥ ነውና። ጥርሶቹ ጥብቅ ብለው የተደረደሩ፣ ጫፋቸው ስለታም ከሆነ ገና ጥቂት ወሩ ነው። እየተራራቁ፣ ጫፋቸው እየዶለዶመ ከመጡ ወደ ዓመቱ ተጠግቷል። መሃለኞቹ በጣት ስትነኳቸው የሚነቃነቁ ከሆነ ሊቀይር ሳምንታት ቀርተውታል። ለኔ ለበዓል ምርጡ ይሄ የመጨረሻው ነው። ሥጋ ይዟል፣ ግን ገና ለጋ ነው።

ደረጃ 5፦ መሃል ላይ ያለውን መፍታት

ገበያ ላይ ያሉ በጎች እንደ ዝርዝሩ አይመጡም። እነዚህን ታገኛላችሁ፦

አንዱ መሃለኛ ሰፊ፣ ጎረቤቱ ገና ትንሽ። ሁለት ጥርስ ሊሆን እየጀመረ ነው። እንደ ሁለት ጥርስ መነሻ ቁጠሩት።

ሰፊ ነው፣ ግን ቁመቱ ከሌሎቹ ግማሽ ነው። አዲስ የወጣ ነው። ያንን ጥንድ ገና እንደጀመረ ያዙት።

መሃሉ ባዶ ነው። አደገኛው ይሄ ነው። ጠቦትም የወተት ጥርሱ ወድቆ ባዶ ይሆናል፣ ያረጀ በግም ጥርሱ ረግፎ ባዶ ይሆናል። መፍትሔው ባዶውን ትቶ ጎረቤቶቹን ማየት ነው። ጎረቤቶቹ ትናንሽ የወተት ጥርሶች ከሆኑና ድዱ አበጥ ብሎ ነጭ ጫፍ ብቅ ካለ፣ ወጣት ነው፣ እየቀየረ ነው። ጎረቤቶቹ ረጃጅም፣ የተራራቁ፣ ሥራቸው የወጣ ከሆነና የባዶው ድድ ድኖ ከለሰለሰ፣ ሽማግሌ ነው። ነጋዴ «አሁን እየቀየረ ነው» ብሎ የረገፈ አፍ የሚሸጠው እዚህ ጋ ነው።

ደረጃ 6፦ ስምንቱም ሰፋፊ ከሆኑ በኋላ

ከዚህ በኋላ ቁጥር አይሠራም። የሚታየው የጥርሱ አረጃጀት ነው።

ሰፋፊ፣ እኩል፣ ተነካክተው የቆሙ ከሆነ ከሦስት ዓመት ተኩል እስከ አምስት ዓመት አካባቢ ነው። በመሃላቸው ክፍተት ከተፈጠረ፣ እየጠበቡና ከድዱ እየወጡ ረጃጅም ከመሰሉ አምስትን አልፏል። ከተሰበሩ፣ ከረገፉ ወይም እስከ ድድ ተበልተው ጉቶ ከሆኑ ስድስትና ከዚያ በላይ ብላችሁ ገምቱ።

የት እንደተሰማራ ጠይቁ። አሸዋማና ድንጋያማ ቦታ ላይ አጭር ሣር ሲግጥ የኖረ በግ ጥርሱ ቶሎ ያልቃል። እቤት ታስሮ ድርቆሽና ፉርሽካ የበላ ቀስ ብሎ ነው የሚያልቅበት። ሁለቱ እኩያ ሆነው አፋቸው የሁለት ዓመት ልዩነት ሊያሳይ ይችላል።

ለርቢ ከሆነ ግን ትክክለኛው ዓመት ብዙም አያሳስባችሁ። ጥርሷ የረገፈ እናት በግ አምስትም ትሁን ስምንት፣ ሣር መንጨት ካልቻለች በበጋ ትከሳለች፣ ወተቷም ይቀንሳል፣ ግልገሏም ይጎዳል። አትግዟት።

ደረጃ 7፦ ሌሎቹን ምልክቶች እንደ ምስክር ብቻ ስሙ

ቁመት ብዙ ሰው ያታልላል። የመንዝ በግ በተፈጥሮው ትንሽ ነው፤ ጥርሱን ያሟላ የመንዝ በግ ከአንድ ዓመት የቦንጋ በግ ሊያንስ ይችላል። ገዢው ትንሽነቱን አይቶ «ጠቦት» ይላል። ዝርያውን ሳታውቁ በቁመት አትወስኑ።

ላቱ ወፍራም ነው ማለት በደንብ በልቷል ማለት ነው። ዕድሜ አይናገርም።

የፍየል ጺምም እንዲሁ። ሴቷም ልታወጣ ትችላለች።

ግት ግን ይናገራል። «ገና ያልወለደች ናት» ከተባላችሁ ከሥር እዩ። ግቷ የላላ፣ የጡት ጫፎቿ የረዘሙ ከሆነ ወልዳ አጥብታለች። አንዱን ጡት በቀስታ ዳብሱት፤ ድንጋይ የመሰለ ጠጣር ነገር ካገኛችሁ በጡት በሽታ የተጎዳች ልትሆን ትችላለች፣ ለርቢ አትግዟት።

አንድ ሌላ ምስክር ደግሞ ከታረደ በኋላ ብቻ ነው የሚገኘው። የፊት እግሩ ሲቆረጥ የአጥንቱን የታች ጫፍ እዩ። ጠቦት ከሆነ እግሩ በለጋ አጥንቱ ላይ ይላቀቃል፤ የተላቀቀበት ቦታ ጎርበጥባጣ፣ እርጥብና ቀላ ያለ ነው። ያደገ በግ ላይ ያ ለጋ አጥንት ገጥሞ ስለጠነከረ የምታገኙት ለስላሳ ነጭ መገጣጠሚያ ነው። ገንዘባችሁን አይመልስም፤ በጥርስ የገመታችሁት ልክ መሆኑን ግን ያረጋግጥላችኋል። ለሚቀጥለው በዓል ትምህርት ነው።

አንድ በግ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

ለፋሲካ ከጎረቤቴ ጋር አንድ የአዲስ አበባ በግ ተራ ሄድን። አንድ ቡናማ፣ ቆንጆ፣ ላቱ የሞላ በግ ዓይኗን ሳበው።

«ጋሼ፣ የዘንድሮ ጠቦት ነው። እናቱ እንኳ ገና አልተሸጠችም» አለ ልጁ።

«እስቲ አገጩን ያዝልኝ ወንድሜ።»

ከአጥሩ ጋር አስደገፍነው፤ ከንፈሩን ገለጥኩ። መሃል ላይ ሁለት ሰፋፊ፣ ሙሉ ቁመት። ከነሱ ግራና ቀኝ ደግሞ ሌላ ሁለት፣ ስፋታቸው የጥፍሬን ያህል፣ ቁመታቸው ግን ገና ግማሽ። ዳር ያሉት አራቱ ትናንሽ። ይሄ ማለት አራት ጥርስ ገና የጀመረ፣ ሁለት ዓመት አካባቢ ነው።

«ይሄማ አራት ጥርስ ሊሞላ ነው።»

«ጋሼ፣ ዘሩ ቶሎ ያወጣል።»

«ሁለቱን ቶሎ አወጣ እንበል። አራቱንም?»

ልጁ ሳቀ። «እሺ እትዬን ላስደስታቸው» ብሎ ከኋላ ሌላ ጎተተ። ያኛው ቀለሙ አያምርም፤ ላቱም ያን ያህል አይደለም። ጥርሱ ግን ስምንቱም ትናንሽ፣ ትንሽ የተራራቁ፣ መሃለኞቹ ደግሞ በጣት ስነካቸው ይነቃነቃሉ። ያንን ገዛን። ጎረቤቴ እስከ ቤት ድረስ ስለ ቡናማው ስታወራ ነበር፤ ወጡን ከቀመሰች በኋላ አላነሳችውም።

ነገር ሲበላሽ

ነጋዴው አላስነካም አለ። «በጉ ይደነግጣል» ይላችኋል። ራሱ እንዲገልጥላችሁ ጠይቁት። ያም ካልሆነ ሂዱ። ጥርሱን የማያሳይ ሻጭ ያሳያችሁት ያህል ነው።

በጉ ራሱን አወዛወዘ። ልቀቁት፣ ሁለት ደቂቃ ቆዩ፣ እንደገና ያዙት። በኃይል አትታገሉ፤ ጥርስ ትሰብራላችሁ፣ ከዚያ የምታነቡትም ይጠፋል።

አንድ ጥርስ ተሰብሯል። ድንጋይ ነክሶም ይሁን ተጋጭቶ ወጣት በግም ይሰበርበታል። በአንድ ስብራት አታስረጁት፤ የቀሩትን ሰባቱን አንብቡ።

ጥርሱና አካሉ አልተስማሙም። አካሉ የጠቦት፣ ጥርሱ አራት ከሆነ የቀጨጨ ወይም በዝርያው ትንሽ ነው። አካሉ ትልቅ፣ ጥርሱ ትንሽ ከሆነ በደንብ ያደገ ነው። በሁለቱም ጥርሱን እመኑ።

የታች ጥርሱ ከላይኛው ድድ ጋር አይገጥምም፤ ወይ ወደ ፊት ወጥቷል ወይ ወደ ኋላ ገብቷል። ይህ ዕድሜ አይደለም፣ የአገጭ ጉድለት ነው። ለማረድ ችግር የለውም። ለርቢ ግን አትውሰዱት፤ ለግልገሎቹ ሊያወርስ ይችላል።

ሁለታችሁ አይታችሁ ሁለት ቁጥር አላችሁ። ፎቶውን አጉሉት፤ መሃሉን አግኙ፤ ወደ አንድ ጎን ብቻ ቁጠሩና በሁለት አባዙ።

ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ስልኩንም ጥረጉት።

በሬ፣ ወይፈንና ላም

ሥርዓቱ ያው ነው፦ ከታች ስምንት፣ ከላይ የለም። የሚለየው ጊዜውና አደጋው ነው።

1. ያለ ባለቤቱ አትቅረቡ። ባለቤቱ በገመድ እንጨት ላይ አሳጥሮ ይሰረው። እናንተ ከትከሻው ጎን ቁሙ። ከቀንዱ ፊት ለፊት መቆም የለም። «ለማዳ ነው፣ ሕፃን ይነዳዋል» ቢባልም።

2. ባለቤቱ ራሱን ይያዝ፣ እናንተ ከጎን የታችኛውን ከንፈር ብቻ ሳቡ።

3. ለሐበሻ ከብት እንዲህ ገምቱ፦ ሁለት ሰፋፊ ከ2 እስከ 2 ዓመት ተኩል፤ አራት 3 ዓመት አካባቢ፤ ስድስት ከ3 ዓመት ተኩል እስከ 4፤ ስምንት ከ4 ዓመት ተኩል እስከ 5። የፈረንጅ ዲቃላ ከሆነ ከዚህ በብዙ ወራት ይቀድማል።

4. ስምንቱ ከሞሉ በኋላ መሃለኞቹ መጀመሪያ ይበላሉ። ለእርሻ በሬ ስትገዙ ስምንቱ ሞልተው ጫፋቸው ገና ያልተበላ ቢሆን የሥራ ዓመታቱ ከፊቱ ናቸው። ጥርሶቹ ተራርቀው አንገታቸው ከድዱ ወጥቶ ከታየ አሥር ዓመት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ነው፤ ለሞፈር አይሆንም።

5. የላም ቀንድ ላይ ያለውን ቀለበት የሚቆጥሩ ሰዎች አሉ። ቀለበቱ ከእርግዝናና ከጥጃ ጋር ይያያዛል፤ ስለዚህ «ቀለበት ሲደመር ሁለት» ይላሉ። የኛ ላም ግን የመጀመሪያ ጥጃዋን ብዙ ጊዜ የምትወልደው ወደ አራት ዓመቷ ገደማ ስለሆነ ይህ ስሌት ያሳንሳታል። ሦስት ወይም አራት ብትደምሩ ይቀርባል። ቀንዱ ከመጠን በላይ ለስልሶና አብለጭልጮ ካገኛችሁት ደግሞ ተጠራጠሩ። ቀለበት በሞረድ ይጠፋል፤ ስለዚህ ጥርሱን እዩ።

ገዝታችሁ ቤት ስታስገቡ

ለምታረቡት ሁሉ የገዛችሁበትን ቀንና የጥርሱን ቁጥር ደብተር ላይ ጻፉ፤ ያነሳችሁትንም ፎቶ አስቀምጡ። ቤታችሁ ለሚወለዱት ደግሞ የልደት ቀናቸውን መዝግቡና የመጀመሪያው ሰፊ ጥርስ ብቅ ያለበትን ቀን አጠገቡ አስፍሩ። ከአምስት ስድስት ግልገል በኋላ የራሳችሁ መንጋ በስንት ወሩ እንደሚቀይር ታውቃላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከላይ ያለውን ዝርዝር ትታችሁ በደብተራችሁ ሂዱ።